የሌላ ማሽን ድራይቭ የተገጠመለትን ኤክስቦክስ 360 ማስተካከል በአሜሪካ ሕግ ያስጠይቃል?

ጥያቄ
የሁለት ልጆች አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ሲሸጥ፣ ኤክስቦክስ 360 የተባለ የጌም ማሽን ከአሥራ ሁለት ኦሪጅናል ዲስኮች ጋር በ40 ዶላር ገዛሁ። የገዛሁት ለትልቁ ልጄ ነው። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ ከጨዋታው ይልቅ አሮጌ ዕቃ ፈታቶ ውስጡን ማየት ያስደስተዋል። ቤት ወስደን ስንሰካው ማሽኑ በደንብ ተነሣ፤ የፊልም ዲቪዲ ስናስገባም ያለ ችግር አጫወተ። የጌም ዲስክ ስናስገባ ግን ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ዲስኩን ኤክስቦክስ 360 ውስጥ እንድናስገባው የሚያዝ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ያለው ደግሞ እዚያው ኤክስቦክስ 360 ውስጥ ነው። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ሞከርናቸው፤ ለውጥ የለም።

ሻጩን ሄጄ ስጠይቀው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ድራይቩ፣ ማለትም ዲስኩን የሚያነበው ክፍል፣ ተበላሽቶበት አንድ ጥገና ቤት ከሌላ ማሽን የወጣ ድራይቭ እንደገጠመለት፣ ከዚያ ወዲህም ፊልም ብቻ ያይበት እንደነበር ነገረኝ። ማሽኑን ይዤ ወደ ሌላ ጥገና ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ከፍቶ ካየው በኋላ፣ ድራይቩና ዋናው ቦርድ እንደማይተዋወቁ ገለጸልኝና፣ በ90 ዶላር ሞድ አድርጎ፣ ማለትም የማሽኑን መቆለፊያ ከፍቶ፣ ሃምሳ ጌም በሃርድ ዲስኩ ላይ ጭኖ ሊሰጠኝ እንደሚችል ነገረኝ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔ ሃምሳ ጌም አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት ገንዘብ የከፈልኩባቸውን አሥራ ሁለቱን ዲስኮች የሚያነብ ማሽን ነው። ስለዚህ አመስግኜ ማሽኑን መልሼ ይዤ ወጣሁ።

ከእናንተ መካከል በሙያውም ሆነ በሕጉ ዕውቀት ያላችሁ ሰዎች እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ድራይቩና ቦርዱ የማይተዋወቁት ለምንድን ነው? የገዛ ማሽኔን የገዛ ዲስኬን እንዲያነብ ማድረግስ በዚህ አገር ሕግ ጥፋት ነው? ልጄ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆኝ መልስ ስላጣሁ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

ምላሽ
ቦርድ ጠጋኝ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ የገጠመዎት ነገር በሙያችን ውስጥ በጣም የታወቀ ነው፤ ዲስኮቹም ማሽኑም ደህና ናቸው። እያንዳንዱ ኤክስቦክስ 360 ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ለድራይቩ 16 ባይት ርዝመት ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ የዚያው ቁልፍ ቅጂ ተመስጥሮ ከዋናው ቦርድ ላይ ይቀመጣል። የጌም ዲስክ በገባ ቁጥር ቦርዱ ድራይቩን በዚህ ቁልፍ ይፈትነዋል። የእርስዎ ድራይቭ የሌላ ማሽን ቁልፍ ስለያዘ ፈተናውን ይወድቃል፤ ዲስኩም እንደ ተራ ዲቪዲ ብቻ ይነበባል። ያዩት ጽሑፍም ከማሽኑ የመጣ አይደለም። ሰው በስህተት የጌሙን ዲስክ ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ቢያስገባው እንዲያነበው ተብሎ ዲስኩ ላይ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ነው። ማሽኑ የጌሙን ክፍል መክፈት ስላልቻለ ያንን ቪዲዮ ያጫውትልዎታል።

እኔ ይህን ዓይነቱን ቁልፍ ያወቅሁት ገና ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ስሠራ ነው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት የመጀመሪያው ትውልድ ፕሌይስቴሽኖች በሙሉ ቺፕ የገባላቸው ነበሩ፤ እኔ ኦሪጅናል ዲስክ በዓይኔ ያየሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። የዚያን ማሽን አሠራር ለልጅዎ ቢነግሩት ደስ ይለዋል ብዬ አምናለሁ። በኦሪጅናሉ ዲስክ መጀመሪያ ላይ ያለው የሌዘር መሄጃ መስመር ሆነ ተብሎ በጥቂቱ እንዲወዛወዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በውዝዋዜውም ውስጥ አራት ፊደላት ተጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የኩባንያውን ስም ያመለክታሉ፤ አራተኛው ፊደል ዲስኩ ለአሜሪካ፣ ለአውሮፓ ወይም ለጃፓን መሠራቱን ይናገራል። ኮምፒውተር ላይ ዲስክ የሚቀዳ መሣሪያ መረጃውን እንጂ ውዝዋዜውን መቅዳት አይችልም። ጥፍር የምታህለው ቺፕ የምትሠራው ሥራ ታዲያ አንድ ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ፊደላቱን በሚጠብቅበት ሰዓት በቀጫጭን ሽቦ በኩል ራሷ ትልክለታለች። በዚህ መንገድ የተቀዳውም ዲስክ ይነበባል፣ ከጃፓን በሕጋዊ መንገድ የተገዛው ኦሪጅናል ዲስክም ይነበባል። ቺፗ ሁለቱን ለይታ አታውቅም።

ወደ እርስዎ ማሽን ስመለስ፣ ከሁሉ በፊት የምመክርዎት የመጀመሪያውን ድራይቭ የቀየረውን ጥገና ቤት ፈልገው እንዲያነጋግሩ ነው። ቁልፉ የሚቀመጠው በድራይቩ ሆድ ሥር ባለችው ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሌንሱ ወይም ሞተሩ እንጂ ያቺ ቦርድ ስላልሆነች፣ የድሮዋ ቦርድ ከተገኘችና አሁን የተገጠመው ድራይቭ ሠሪውና ሞዴሉ ከእሷ ጋር አንድ ከሆነ፣ ቦርዷን አውጥቶ ወደ አዲሱ ድራይቭ ማዛወር ይበቃል። ይህ ካቻቢቴና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ምንም መቆለፊያ አይሰበርም። ካልተገኘች ግን ቁልፉን ከዋናው ቦርድ ላይ አውጥቶ በአዲሱ ድራይቭ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ነው የሕጉ ጥያቄ የሚመጣው። እሱን ለሚያውቁት እተዋለሁ።

ምላሽ
ሕግ አንባቢ (አትላንታ)

ጠበቃ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ስከታተለው ስለቆየሁ የማውቀውን በጥንቃቄ ላስቀምጥ። ጥያቄዎን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ሲሆን፣ በተለይም ክፍል 1201 ነው። ይህ ክፍል ከተለመደው የቅጂ መብት ሕግ የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው፤ የሚጠይቀው ሥራውን ሰርቀሃል ወይ ብሎ ሳይሆን መቆለፊያውን አልፈሃል ወይ ብሎ ነው። መቆለፊያውን ማለፍ አንድ ክልከላ ነው፤ ለማለፍ የሚያገለግል መሣሪያ ሠርቶ ማቅረብ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ክልከላ ነው፤ በዚህ በሁለተኛው ውስጥ አገልግሎት የሚለው ቃልም ተጽፏል። በንግድ ፍላጎትና ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ዶላር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ በ90 ዶላር ሞድ አደርጋለሁ ያለዎት ሰው፣ ሃምሳዎቹን ጌሞች እንኳ ባይጭን፣ ከእርስዎ ይልቅ ራሱን ለአደጋ እያጋለጠ ነበር።

ሕጉ በየሦስት ዓመቱ የሚታይ አንድ በር አለው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በቅጂ መብት ቢሮው ምክር መሠረት ለተወሰኑ አጠቃቀሞች ከክልከላው ነፃ የሚያወጣ ደንብ ያወጣል። በ2010 የስልክን መቆለፊያ ከፍቶ የፈለጉትን ፕሮግራም መጫን ተፈቀደ፤ በ2012 ግን ለጌም ኮንሶሎች ተመሳሳይ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ መቆለፊያው ከተከፈተ የተሰረቀ ጌም መጫወቻ ይሆናል በሚል ምክንያት ውድቅ ተደረገ። የእርስዎን ችግር በቀጥታ የሚነካው በ2021 የተሰጠው ፈቃድ ነው። በዚያ ዓመት የኮንሶል መቆለፊያን ለጥገና ሲባል ማለፍ ተፈቅዷል፤ የተፈቀደው ግን የዲስክ ድራይቩን ለመጠገን ወይም ለመተካት ብቻ ሲሆን፣ ጥገናው ሲያልቅም መቆለፊያው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ግዴታ ተጥሏል። ፈቃዱ በ2024 ታድሷል። የእርስዎን ማሽን የራሱን ቁልፍ በአዲሱ ድራይቭ ላይ ጽፎ ማስተካከል፣ እኔ እንደማነበው፣ ከዚህ ፈቃድ ጋር የሚስማማ ነው፤ ምክንያቱም ከጥገናው በኋላ ድራይቩ እንደ ፋብሪካው ዘመን ኦሪጅናል ዲስክ ብቻ ይቀበላል።

የሚያሳዝነው ግን ፈቃዱ የሚነካው የመጀመሪያውን ክልከላ ብቻ መሆኑ ነው። በመሣሪያውና በአገልግሎቱ ሽያጭ ላይ ያለው ክልከላ እንዳለ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊም ሊያነሡት ሥልጣን የላቸውም። እንግዲህ እርስዎ ቁልፉን ማውጣት ተፈቅዶልዎታል፤ ማውጫውን መሣሪያ ሊሸጥልዎት የሚችል ሰው ግን በሕግ ፊት ቦታ የለውም። አንድ አባት ልጁን አስከትሎ በሕጋዊ መንገድ ሊሄድበት የሚገባው መንገድ መሃል ላይ እንዲህ መቆረጡ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ጥገናን ከፈቀዱ ጠጋኙንም መፍቀድ ነበረባቸው።

እርስዎ የያዙት ዓይነት ማሽን ፍርድ ቤት ደርሶም ያውቃል። በ2009 በካሊፎርኒያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኤክስቦክስ 360 ድራይቮችን ሶፍትዌር በክፍያ እየቀየረ ተገኝቷል ተብሎ በወንጀል ተከሰሰ፤ ቅጣቱ ዓመታት ሊሆን ይችል ነበር። በታኅሣሥ 2010 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ችሎቱ በተከፈተበት ዕለት ዳኛው ዐቃቤ ሕጎቹን በምስክሮቻቸው አሠራርና በክሳቸው አቀራረብ ላይ ክፉኛ ወቀሷቸው፤ ከአንድ ምስክር የተገኘ አዲስ ቃልም ለተከላካዩ ወገን በጊዜው ሳይገለጽ ቀርቶ ነበር። በማግስቱ መንግሥት ክሱን ራሱ አነሣ። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ፍርድ አልተሰጠም፤ ተማሪው ግን ከአንድ ዓመት በላይ የእስር ሥጋት ተሸክሞ ኖሯል።

ምላሽ
የሜልበርን ነዋሪ

ሕግ አንባቢ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ በእኛ አገር በአውስትራሊያ ጥያቄው ከሥር መሠረቱ ስለተመረመረ ያንን ልጨምር። ቦርድ ጠጋኝ የገለጿትን ቺፕ ሲድኒ ውስጥ ይሸጥና ይገጥም የነበረ ስቲቨንስ የሚባል ሰው የፕሌይስቴሽን ሠሪ በሆነው በሶኒ ተከሶ ነበር። በ2002 የመጀመሪያው ዳኛ ለስቲቨንስ ፈረዱ፤ በ2003 የይግባኙ ችሎት ለሶኒ ፈረደ፤ በጥቅምት 2005 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሰሙት ስድስቱ ዳኞች በሙሉ በአንድ ድምፅ ለስቲቨንስ ወሰኑ። በክርክሩ መጀመሪያ ላይ የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽንም ለፍርድ ቤቱ ሐሳብ ሰጥቶ ነበር፤ ያሳሰበው አራተኛዋ ፊደል ነበረች። አንድ አውስትራሊያዊ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን ገንዘብ ከፍሎ ያመጣውን ኦሪጅናል ዲስክ የገዛ ማሽኑ የሚከለክለው ከሆነ፣ የሚጠበቀው የደራሲው መብት ነው ወይስ የገበያው ክፍፍል የሚል ጥያቄ ነው።

ዳኞቹ የሄዱበትን መንገድ በዝግታ ማንበብ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ የሚጠብቀው የቅጂ መብት ጥሰትን የሚከላከል ወይም የሚያግድ መሣሪያን ነው። የሶኒ ፊደላት ግን ማንንም ሰው ዲስክ ከመቅዳት አያግዱም፤ ቅጂው ቤት ውስጥ ሲሠራ ጥሰቱ ተፈጽሞ አልቋል፣ ፊደላቱ ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ የተቀዳው ዲስክ ማሽን ውስጥ ሲገባ ነው። ሶኒ በበኩሉ፣ ጌሙ ሲጫወት ከፊሉ ወደ ማሽኑ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ስለሚገባ ያም አንድ ቅጂ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ዳኞቹ ይህንንም አልተቀበሉም። እኔ ይህን ፍርድ ሳነብ ደስ የሚለኝ ዳኞቹ ነገሩ ምን ይባላል ብለው ሳይሆን ምን ይሠራል ብለው መጠየቃቸው ነው።

ድሉ ግን ዕድሜ አልነበረውም። አውስትራሊያ ከአሜሪካ ጋር የተፈራረመችው የነፃ ንግድ ስምምነት የአሜሪካን ዓይነት ጥበቃ እንድታጸና ስላስገደዳት፣ ፓርላማው በ2006 የቅጂ መብት ሕጉን አሻሽሎ ክልከላውን አጠበቀው። ስቲቨንስ በአሮጌው ሕግ አሸነፈ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን በአዲሱ ሕግ ሥር ወደቁ።

ምላሽ
ጌም ሠሪ (ስቶክሆልም)

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ከማሽኑ ባለቤት ወገን ነው፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬን የምበላው ጌም በመጻፍ ስለሆነ ከሌላው ወገን ያለውን እንድናገር ይፈቀድልኝ። ሦስት ዓመት የደከምንበት ጌም ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ወጥቶ በነፃ ሲወርድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። በሥራችን ከገቢው ብዙውን የሚሸከሙት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው፤ እነሱ ካለፉ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ለትንሽ ቡድን አይደርስለትም። ስለዚህ መቆለፊያ ይኑር የሚሉ ሰዎች ሁሉ ስግብግብ ተደርገው ሲነገሩ ያሳዝነኛል።

ኔንቲዶ ስዊች ለተባለው የጌም ማሽን መቆለፊያ መስበሪያ ሠርቶ ይሸጥ የነበረው ቲም ኤክስኪዩተር የተባለው ቡድን ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። የቡድኑ አባል የነበረው ካናዳዊው ጋሪ ባውዘር በ2020 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ተይዞ ወደ አሜሪካ ተላከ፤ በየካቲት 2022 በ40 ወር እስራት ተቀጣ፤ በወንጀሉና በፍትሐ ብሔሩ ክስ እንዲከፍል የተወሰነበት ገንዘብ በድምሩ 14.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቡድኑ የሚሸጠው የሌሎችን ሥራ በነፃ መክፈቻ ስለነበር ቡድኑን ለመከላከል ልቤ አይፈቅድም። ነገር ግን አንድ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ሠርቶ ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ ተሸክሞ ከእስር መውጣቱ ደግሞ ፍትሕ መስሎ አይታየኝም።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥር 2014 ኔንቲዶ የማሽኖቹን መቆለፊያ መክፈቻ ይሸጥ በነበረው ፒሲ ቦክስ በተባለው የጣሊያን ነጋዴ ላይ ባቀረበው ክስ የሰጠው ውሳኔ ለእኔ የተሻለ ሚዛን አለው። ፍርድ ቤቱ ከዲስኩ አልፎ በማሽኑ ላይ የሚገኝ መቆለፊያም በሕግ ሊጠበቅ እንደሚችል ተቀበለ፤ በዚህ ለእኛ ለሠሪዎች ቆመ። ከዚያ ግን ጥበቃው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሆን አስጠንቅቆ፣ የሚላኖው ፍርድ ቤት ሁለት ነገር እንዲመረምር መራው፤ የሌሎችን ሕጋዊ አጠቃቀም ያን ያህል ሳይዘጋ ሥራውን የሚጠብቅ ሌላ መቆለፊያ መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ሰዎች መክፈቻውን በተግባር ለምን እንደሚጠቀሙበት። ይኸው ፍርድ ቤት በጥቅምት 2024 ሶኒ ጌም ማቅለያ ፕሮግራም ይሸጥ በነበረው በዳቴል ላይ ባቀረበው ጉዳይ ላይ ደግሞ፣ ተጫዋቹ ጌሙን ለማቅለል በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያሉ ተለዋዋጭ ቁጥሮችን ብቻ መቀየሩ፣ የፕሮግራሙ ኮድ እስካልተነካ ድረስ፣ የፕሮግራሙን ደራሲ መብት እንደማይጥስ ወስኗል። እኔ እንደ ሠሪ በዚህ ውሳኔ አልተከፋሁም።

የጠያቂው ማሽን ጉዳይ ላይ ደግሞ ከሁላችሁም ጋር ነኝ። የኤክስቦክስ 360 የመስመር ላይ መደብር በሐምሌ 2024 ተዘግቷል፤ ስለዚህ ልጁ ጌሞቹን ከማሽኑ ገዝቶ ሊያወርድ አይችልም። አሥራ ሁለቱ ዲስኮች ዋጋቸው ተከፍሎባቸዋል። እዚህ ላይ ቁልፉ የሚጠብቀው የእኔን ዓይነት ሰው ድካም ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ ራሴ ቆሜ እቃወመዋለሁ።

ምላሽ
የሁለት ልጆች አባት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለልጄ አነበብኩለት፤ የዲስኩ መስመር መወዛወዝ ነገር በጣም ስለገረመው በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ቦርድ ጠጋኝ እንደመከሩኝ ሻጩን ደግሜ ጠይቄ የመጀመሪያውን ጥገና ቤት አድራሻ አገኘሁ። ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር ሄድን። ባለቤቱ ትሑት ሰው ናቸው፤ የዚያን ጊዜ የተጣሉ ድራይቮችን ቦርዶች የሚያከማቹበትን አንድ የጫማ ካርቶን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡልን። ስም የተጻፈበት የለም። ልጄ ከእኛ ድራይቭ ጋር አንድ ሠሪ ያላቸውን ሦስት ቦርዶች ለየ፤ ባለቤቱም ገንዘብ አልቀበልም ብለው ሰጡን።

ማታውኑ ሁለቱን ሞከርን። ልጄ ባለ ኮከብ ካቻቢቴውን ይዞ፣ እኔ ጠፍጣፋውን ገመድ እንዳይቀደድ ደግፌ፣ እያንዳንዱን ገጥመን ዲስክ አስገባን። በሁለቱም ያው ቪዲዮ ወጣ። ሦስተኛዋ ላይ ደርሰን ቆምን፤ ምክንያቱም ሠሪው አንድ ይሁን እንጂ የሞዴሉ ቁጥር የመጨረሻው አኃዝ ከእኛ ድራይቭ ይለያል፣ የገመዱ መሰኪያ ግን አንድ ዓይነት ነው። ብንገጥማት ሌንሱን ልታበላሽብን ትችላለች?

ምላሽ
ቦርድ ጠጋኝ (ሚኒያፖሊስ)

መሰኪያው በትክክል ከገባ ሞክሯት፤ ሲገጥሟት ግን ማሽኑ ከመብራት የተነቀለ መሆኑን ያረጋግጡ። ዲስኩ መዞር ጀምሮ ሳይነበብ ቢቀር ወዲያው ቦርዷ አይደለችም ብለው አይጣሏት፤ በሞዴሎቹ መካከል የሌንሱ ማስተካከያ ስለሚለያይ ቁልፏ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ማንበብ ሊያቅታት ይችላል። ያን ጊዜ ለእሷ የሚስማማ ሞዴል ያለው አሮጌ ድራይቭ ፈልጎ በዚያ ላይ መሞከር ነው። እኔ ጋር ሁለት ሦስት ስላሉ፣ በቦርዷ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።